ረድፍ ሲገባ ፎርሙላው ለምን ይሸሻል? የሴል አድራሻን ባለበት ስለማጽናት

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው የአንድ መደብር ዕለታዊ ሽያጭ በኤክሴል ይመዘግባሉ። «ዕለታዊ» በተባለው ሺት ላይ የመጀመሪያው ረድፍ ርእስ ነው፤ በኤ ዓምድ ቀኑ፣ በቢ ዓምድ የቀኑ ጠቅላላ ሽያጭ ይገባል። አዲሱ ቀን ምንጊዜም ከላይ እንዲታይ ስለሚፈልጉ በየማታው ከርእሱ ሥር፣ ማለትም ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ አዲስ ረድፍ ያስገባሉ። «ማጠቃለያ» በተባለው ሌላ ሺት ላይ ደግሞ የቅርቦቹን 30 መዝገቦች እንዲደምር =ሰም(ዕለታዊ!$ቢ$2:$ቢ$31) የሚል ፎርሙላ አስቀምጠዋል። አንድ ረድፍ ባስገቡ ቁጥር ግን ፎርሙላው $ቢ$3:$ቢ$32 ሆኖ ያገኙታል፤ አዲሱ ሽያጭም ሳይደመር ይቀራል። «የዶላር ምልክት አድራሻን ያስራል ተብዬ ነበር፤ ታዲያ ለምን አላሰረም? ምንስ ባደርግ ይሻላል?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ከመልሱ አስቀድሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከዚህ በታች የዓምድ ፊደላትንና የፎርሙላ ስሞችን እንደሚነበቡ በእኛው ፊደል ጽፌአቸዋለሁ፤ ኮምፒውተርዎ ላይ ሲያስገቧቸው ግን በላቲን ፊደል ይጻፏቸው። በቅንፍ ውስጥ ክፍሎቹን የሚለየው ኮማ ስሕተት ካመጣብዎት፣ የኮምፒውተርዎ የአገር ምርጫ ሴሚኮለን የሚፈልግ ሊሆን ስለሚችል በእሱ ይተኩት።

የዶላር ምልክት የሚሠራው ፎርሙላ ሲገለበጥ ነው። በዲ2 ላይ =ቢ2*ሲ2 ብለው ጽፈው ወደ ታች ቢስቡት፣ በዲ3 ላይ =ቢ3*ሲ3 ይሆናል፤ አድራሻው ከፎርሙላው ጋር አብሮ ይወርዳል። ኤፍ4 የሚለውን ቁልፍ ተጭነው $ቢ$2 ካደረጉት ግን ፎርሙላውን የትም ቢገለብጡት ቢ2ን መጥራቱን አይተውም። የምልክቱ ሥልጣን በዚህ ያበቃል። ረድፍ ሲያስገቡ የሚሆነው ሌላ ነገር ነው፦ ፎርሙላው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የተነቃነቀው መረጃው ነው። ትናንት ሁለተኛው ረድፍ ላይ የነበረው ሽያጭ ዛሬ ወደ ሦስተኛው ወርዷል፤ ኤክሴልም ያንን ሽያጭ ተከትሎ፣ ዶላር ይኑራቸው አይኑራቸው ሳይለይ፣ እሱን የሚጠሩትን ፎርሙላዎች ሁሉ እንደ አዲስ ይጽፋቸዋል።

ይህ የፕሮግራሙ ጉድለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። በኤፍ1 ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምጣኔን፣ ማለትም 15 በመቶን፣ አስቀምጠው በየረድፉ =ሲ5*$ኤፍ$1 እያሉ ታክሱን የሚያሰሉበት ሺት አለዎት እንበል። የድርጅቱን ስም ለመጻፍ ከላይ አንድ ረድፍ ቢያስገቡ ምጣኔው ወደ ኤፍ2 ይወርዳል። ፎርሙላዎቹ ኤፍ1ን ሙጭጭ ብለው ይዘው ቢቀሩ ኖሮ በባዶ ሴል እያባዙ በሁሉም ረድፍ ላይ ዜሮ ያወጡ ነበር። ኤክሴል ምጣኔውን ተከትሎ አድራሻውን ወደ $ኤፍ$2 ስለሚቀይረው ግን ስሌቱ ሳይዛነፍ ይቀጥላል። የእርስዎ ችግር የሚመነጨው ከዚህ የተለየ ነገር ስለሚፈልጉ ነው፦ እርስዎ የፈለጉት ፎርሙላው «ትናንት እዚህ የነበረውን ሽያጭ» ሳይሆን «ዛሬ እዚህ ቦታ ላይ ያለውን ሽያጭ» እንዲጠራ ነው። ማንኛውንም ፎርሙላ ሲጽፉ አስቀድመው ሊለዩት የሚገባው ይህ ነው፤ ዕቃውን ነው የምፈልገው ወይስ ቦታውን? ተራ የሴል አድራሻ፣ ዶላር ያለውም ሆነ የሌለው፣ ዕቃውን ነው የሚከተለው።

የክልል አድራሻ፣ ማለትም በሁለት ነጥብ ከዚህ እስከዚያ ተብሎ የተጻፈው፣ እንዴት እንደሚለወጥ በዝርዝር ማወቁ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ብዙ የተዛባ ድምር የሚመጣው ከዳርና ዳሩ ነው። ከ$ቢ$2 እስከ $ቢ$31 ባለው መካከል፣ ለምሳሌ አሥረኛው ረድፍ ላይ፣ አዲስ ረድፍ ቢያስገቡ ክልሉ ይሰፋና እስከ $ቢ$32 ይደርሳል፤ አዲሱም መዝገብ ይደመራል። የክልሉ የመጀመሪያ ረድፍ ላይ ካስገቡ ግን ክልሉ በሙሉ አንድ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ አይሰፋም፤ የእርስዎ ጉዳይ ይኸው ነው። ከመጨረሻው ረድፍ ቀጥሎ ካስገቡ ደግሞ አድራሻው ባለበት ይቀራል፤ ኤክሴል አንዳንድ ጊዜ ከሥሩ ያለውን ድምር በራሱ ሲያራዝመው ይታያል፣ ነገር ግን ይህ በምርጫዎች ውስጥ ሊጠፋ የሚችል ባሕርይ ስለሆነ ሒሳብዎን አይጣሉበት። ከክልሉ ውስጥ ረድፍ ከሰረዙ ክልሉ ይጠባል፤ በብቸኝነት የተጠራ ሴል ከነረድፉ ከተሰረዘ ግን ፎርሙላው #ሬፍ! የሚል ስሕተት ያሳያል። ከት አድርጎ ሌላ ቦታ ፔስት ማድረግም ሆነ ሴልን በማውስ ጎትቶ ማዛወር አድራሻውን ይዞት ይሄዳል፤ ኮፒ ማድረግ ግን ይህን አያደርግም።

አሁን ወደ መፍትሔው ልምጣ። ለእርስዎ የምመክረው ኢንዴክስ የተባለውን ፎርሙላ ነው። =ኢንዴክስ(ዕለታዊ!ቢ:ቢ,2) ማለት «ከቢ ዓምድ ሁለተኛውን ሴል ስጠኝ» ማለት ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን በቅርብ እንመልከት። ቢ:ቢ የሚለው አድራሻ ዓምዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይይዛል፤ ከኤክሴል 2007 ወዲህ ይህ ማለት 1,048,576 ረድፍ ነው። ዓምዱ ሙሉ በመሆኑ ረድፍ ሲገባበት የሚሰፋበትም የሚሸሽበትም ቦታ የለውም፤ ስለዚህ አድራሻው አይለወጥም። 2 የሚለው ደግሞ አድራሻ ሳይሆን ተራ ቁጥር ነው፤ ኤክሴል ረድፍ ሲገባ አድራሻዎችን እንጂ ቁጥሮችን አይነካም። ስለዚህ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ምንም ነገር ቢመጣ ፎርሙላው የሚያነበው እሱኑ ነው።

ለ30ዎቹ መዝገቦች ድምር ደግሞ እንዲህ ይጻፉት፦ =ሰም(ኢንዴክስ(ዕለታዊ!ቢ:ቢ,2):ኢንዴክስ(ዕለታዊ!ቢ:ቢ,31))። ኢንዴክስ የሚመልሰው የሴሉን ዋጋ ብቻ ሳይሆን አድራሻውን ጭምር ስለሆነ፣ በሁለቱ ኢንዴክሶች መካከል ሁለት ነጥብ አድርጎ ክልል መሥራት ይቻላል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ እኔ ግን ከኤክሴል ፎርሙላዎች ሁሉ ይህን ያህል ጠቃሚ ሆኖ ይህን ያህል የተዘነጋ ያለ አይመስለኝም። ፎርሙላውን ካስገቡ በኋላ ይሞክሩት፦ «ዕለታዊ» ላይ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አዲስ ረድፍ ያስገቡ፣ በቢ2 ላይ 1000 ይጻፉ፣ ከዚያ ወደ «ማጠቃለያ» ተመልሰው ድምሩን ይዩ። በድምሩ ላይ 1000 ይገባል፤ በአንጻሩ ሠላሳ አንደኛ የሆነው አሮጌ መዝገብ ይወጣለታል። ከላይ ባለው የፎርሙላ መስመር ላይም 2 እና 31 ባሉበት መሆናቸውን ያያሉ።

ይህ አጻጻፍ ሌላም በጎ ነገር አለው። ነገ ከኤ ዓምድ በፊት ለተራ ቁጥር የሚሆን አዲስ ዓምድ ቢያስገቡ ሽያጩ ወደ ሲ ዓምድ ይሄዳል፤ ቢ:ቢ የሚለውም ተከትሎ ሲ:ሲ ይሆናል። ማለትም ፎርሙላው ረድፉን በቦታ፣ ዓምዱን በዕቃ ይይዛል፤ ለእርስዎ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። ዓምዱም ጭምር ቦታውን እንዳይለቅ የሚፈልግ ሰው ካለ =ኢንዴክስ(ዕለታዊ!$1:$1048576,2,2) ብሎ ሙሉውን ሺት መጥራትና ረድፉንም ዓምዱንም በቁጥር መስጠት ይችላል። ፎርሙላው ራሱ በሚጠራው ዓምድ ወይም ሺት ውስጥ እንዳይቀመጥ ግን ይጠንቀቁ፤ ራሱን በራሱ የሚጠራ ፎርሙላ ማስጠንቀቂያ ያመጣል።

ይህን ጥያቄ ለሌላ ሰው ቢያቀርቡ ምናልባት መጀመሪያ የሚሰሙት ኢንዳይሬክት የሚለውን ስም ነው። =ኢንዳይሬክት("ዕለታዊ!ቢ2") ብለው ከጻፉ በእርግጥም አድራሻው አይነቃነቅም፤ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለው ለኤክሴል ጽሑፍ እንጂ አድራሻ ስላልሆነ ማንም አይነካውም። ለመጻፍ ቀላል መሆኑን አልክድም፤ ለአንድ ለሁለት ሴልም ይበቃል። ነገር ግን ለሒሳብ መዝገብ አልመክረውም። አንደኛ፣ የሺቱን ስም «ዕለታዊ» ከሚለው ወደ ሌላ ቢቀይሩት ጽሑፉ አብሮ ስለማይቀየር ፎርሙላው ይበላሻል፤ የሺቱ ስም ክፍተት ካለው ደግሞ ስሙ በነጠላ ጥቅስ መታቀፍ አለበት። ሁለተኛ፣ ጽሑፍ በመሆኑ ወደ ጎን ቢስቡት አይከተልም፦ ኢንዴክሱን ከቢ ዓምድ ወደ ሲ ሲገለብጡ ሲ:ሲ ይሆንልዎታል፣ ኢንዳይሬክቱ ግን በሁሉም ዓምድ ላይ ያንኑ ቢ2ን ይደጋግማል። ሦስተኛ፣ ኢንዳይሬክት በሺቱ ላይ የትም ቦታ ለውጥ በተደረገ ቁጥር፣ ጉዳዩ የማይመለከተው ቢሆንም፣ እንደገና ይሰላል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ፎርሙላዎች ያሉበት ፋይል አንድ ቁጥር በተጻፈበት ቁጥር ይንቀራፈፋል። የሚጠራው ፋይል ተዘግቶ ከሆነም #ሬፍ! ይመልሳል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው በስሕተት የቢን ዓምድ በሙሉ ቢሰርዘው፣ ኢንዴክስ የያዘው ፎርሙላ ወዲያው #ሬፍ! ብሎ ይጮኻል፤ ችግር መኖሩን ሁሉም ያየዋል። ኢንዳይሬክት ግን ምንም ሳይል በቢ ቦታ ላይ የተተካውን ዓምድ ማንበቡን ይቀጥላል። ያ ዓምድ የወጪ ቁጥሮችን የያዘ ከሆነ ማጠቃለያው ወጪን ሽያጭ ብሎ ያቀርባል፤ ቁጥሩም ቁጥር ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። በገንዘብ መዝገብ ላይ ስሕተትን በግልጽ የሚያሳይ ፎርሙላ፣ የተሳሳተ ቁጥር በጸጥታ ከሚያወጣው እጅግ ይሻላል፤ ኢንዴክስን የማስቀድመውም በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

ኦፍሴት የተባለው ሦስተኛው መንገድ ከአንድ መነሻ ሴል ተነሥቶ ወደ ታችና ወደ ጎን ይቆጥራል። =ሰም(ኦፍሴት(ዕለታዊ!$ቢ$1,1,0,30,1)) ማለት «ከርእሱ አንድ ረድፍ ወርደህ 30 ረድፍ ደምር» ማለት ነው፤ መነሻው ርእሱ ስለሆነና አዲሱ ረድፍ ከርእሱ ሥር ስለሚገባ ክልሉ አይሸሽም። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እንደ ኢንዳይሬክት ሁሉ በየለውጡ የሚሰላ በመሆኑ ኢንዴክስ በሚበቃበት ቦታ አያስፈልግም።

የሁሉንም ቀን ጠቅላላ ድምር ብቻ ለሚፈልጉ ሰዎች ደግሞ ከዚህ ሁሉ የቀለለ ዘዴ አለ፤ ይኸውም ርእሱን ከክልሉ ውስጥ ማስገባት ነው። ድምሩ ከ$ቢ$1 ከጀመረ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የሚገባው ሁሉ በክልሉ መካከል የገባ ስለሚሆን ክልሉ ይሰፋል፤ «ሽያጭ» የሚለው ርእስ ጽሑፍ በመሆኑ ሰም ይዘለዋል። ርእሱ ቁጥር እንዳይሆን ብቻ ያስተውሉ። ብዙ መዝገቦች ላይ የዓምዱ ርእስ ዓመተ ምሕረት ሆኖ አያለሁ፤ 2016 ተብሎ የተጻፈ ርእስ በድምሩ ላይ 2016 ብር ይጨምራል፣ ይህን ያህል ልዩነት ደግሞ በትልቅ ድምር ውስጥ በዓይን አይያዝም። «የ2016 ሽያጭ» ብሎ መጻፍ ይህን ያስቀራል።

ጥያቄዎ ውስጥ አንድ ያልተጠየቀ ጥያቄም አለ፦ የሚፈልጉት 30 መዝገብ ነው ወይስ 30 ቀን? መደብሩ እሑድ የሚዘጋ ከሆነ 30 መዝገብ ከአንድ ወር ያልፋል። የፈለጉት ቀን ከሆነ በረድፍ ከመቁጠር ይልቅ በቀን መለየት ይሻላል፦ =ሰምኢፍስ(ዕለታዊ!ቢ:ቢ,ዕለታዊ!ኤ:ኤ,">"&ቱደይ()-30) የሚለው ዛሬን ጨምሮ የ30 ቀኑን ይደምራል፤ መዝገቡ ከላይ ቢገባ፣ ከታች ቢገባ ወይም ቅደም ተከተሉ ቢዘበራረቅ ለውጥ አያመጣም። ነገር ግን ይህ የሚሠራው በኤ ዓምድ ያለው ቀን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፈ እውነተኛ የኤክሴል ቀን ሲሆን ነው። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ሁለት ዓይነት ችግር ያመጣል። ቀን ቀድሞ ወር በሚጻፍበት ቅንብር 15/2/2017 ብለው ጥቅምት 15ን ቢጽፉ፣ ኤክሴል ፌብሩዋሪ 15 ብሎ ይቀበለውና ከዛሬ ጋር ሲያነጻጽረው ዓመታት ያለፈው ቀን ሆኖ ከድምሩ ይወጣል። 30/2/2017 ብለው ጥቅምት 30ን ከጻፉ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል፤ የጳጉሜን ቀናትም አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ እንዲሁ ጽሑፍ ሆነው ይቀራሉ። በአንድ ዓምድ ውስጥ አንዳንዱ ቀን ወደ ቀኝ፣ አንዳንዱ ወደ ግራ ተጠግቶ ካዩ ምልክቱ ይኸው ነው። የኢትዮጵያውን ቀን መያዝ ከፈለጉ በሌላ ዓምድ በጽሑፍ ያኑሩት፤ ስሌቱ ግን በጎርጎርዮሳዊው ይሁን።

ፋይሉን ከሥሩ ማስተካከል ከቻሉ ደግሞ መረጃውን ወደ ቴብል፣ ማለትም ኤክሴል እንደ አንድ አካል ወደሚይዘው ስም ያለው ሠንጠረዥ፣ ይቀይሩት። ከመረጃው ውስጥ አንድ ሴል ላይ ቆመው ኮንትሮልንና ቲን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ቴብሉን ለምሳሌ «ሽያጭ»፣ የቢን ዓምድ ርእስ ደግሞ «መጠን» ብለው ይሰይሙ። ከዚህ በኋላ =ሰም(ሽያጭ[መጠን]) ብለው ሲጽፉ፣ ረድፍ ከላይም ገባ ከታች፣ ሁሉም ይደመራል። የእርስዎ ድምር ደግሞ =ሰም(ኢንዴክስ(ሽያጭ[መጠን],1):ኢንዴክስ(ሽያጭ[መጠን],30)) ይሆናል፤ የሚቆጥረው ከሺቱ ራስ ሳይሆን ከቴብሉ የመጀመሪያ መዝገብ ስለሆነ፣ ከቴብሉ በላይ የድርጅቱን ስምና አርማ ለማስቀመጥ ጥቂት ረድፎች ቢጨምሩ እንኳ አይናጋም። ሁለት ምርጫ ቢሰጠኝ ለእርስዎ መዝገብ የምመርጠው ይህንን ነው። ቴብሉ ገና 30 መዝገብ ካልሞላ #ሬፍ! እንደሚያሳይ ግን አስቀድመው ይወቁ።

በየቀኑ ከላይ ረድፍ የማስገባቱን ልማድም መለስ ብለው እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ። መዝገብ ከታች እየተጨመረ ቢሄድ ምንም አድራሻ አይነቃነቅም፤ ቅርቡን ከላይ ለማየት ሲያሻዎ ቴብሉን በቀን መደርደር ይበቃል። ከታች እየጨመሩ የመጨረሻዎቹን 30 ለመደመር =ሰም(ኢንዴክስ(ዕለታዊ!ቢ:ቢ,ማክስ(2,ካውንትኤ(ዕለታዊ!ቢ:ቢ)-29)):ኢንዴክስ(ዕለታዊ!ቢ:ቢ,ካውንትኤ(ዕለታዊ!ቢ:ቢ))) የሚለውን መጠቀም ይቻላል፤ ማክስ ከሁለቱ ቁጥሮች ትልቁን ይወስዳል፣ ካውንትኤ ደግሞ የተሞሉትን ሴሎች ስለሚቆጥር በዓምዱ መካከል ባዶ ሴል እንዳይኖር ያስፈልጋል። የሚያስገቡ ከሆነም ሙሉ ረድፍ ያስገቡ። የማስገቢያው ሳጥን ሴሎቹን ወደ ታች ብቻ ልግፋ ወይስ ሙሉ ረድፍ ላስገባ ብሎ ሲጠይቅ የመጀመሪያውን ከመረጡ የቢ ዓምድ ብቻ ይወርድና የአንዱ ቀን ሽያጭ ከሌላው ቀን ጎን ይቀመጣል፤ ይህን ጥፋት ከላይ ካሉት ፎርሙላዎች አንዱም አያስተካክለውም።

በጉግል ሺትስ የሚሠሩ ሰዎች ይህንኑ ችግር ረድፍ በእጃቸው ሳያስገቡ ያገኙታል። ጉግል ፎርምስ አዲስ መልስ በመጣ ቁጥር ለመልሱ የራሱን ረድፍ ስለሚያስገባ፣ በሌላ ሺት ላይ ሆነው የመልሱን ረድፍ በቀጥታ የሚጠሩ ፎርሙላዎች አዲሱን መልስ እየዘለሉ ይወርዳሉ። መፍትሔው ያው ኢንዴክስ ነው፦ =ኢንዴክስ(መልሶች!ቢ:ቢ,ሮው()) ብለው በሁለተኛው ረድፍ ጽፈው ወደ ታች ቢስቡት እያንዳንዱ ረድፍ የራሱን ተራ ያነባል። ቢ2:ቢ ተብለው ወደ ታች ክፍት የሆኑ አድራሻዎችም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሲገባባቸው ቢ3:ቢ ስለሚሆኑ፣ ከርእሱ ማስጀመር ይሻላል። በሊብረኦፊስ ካልክም ኢንዴክስ በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል።

በመጨረሻ፣ ማጠቃለያውን በሌላ ፋይል ላይ ለማድረግ ካሰቡ ይህን ይወቁ። ሁለቱም ፋይሎች ተከፍተው ሳሉ በአንዱ ረድፍ ቢያስገቡ የሌላው አድራሻ ይከተላል፤ የማጠቃለያው ፋይል ተዘግቶ ሳለ ካስገቡ ግን ኤክሴል የተዘጋውን ፋይል ስለማያርም አድራሻው ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ተራ አድራሻ የያዘ ማጠቃለያ አንድ ቀን ትክክል፣ ሌላ ቀን ስሕተት ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ልዩነቱም የትኛው ፋይል ተከፍቶ እንደነበር ብቻ ነው። ኢንዴክስን ከተጠቀሙ በሁለቱም ሁኔታ የሚነበበው ረድፍ አንድ ነው። የዓምዱ አድራሻ ግን ተራ አድራሻ በመሆኑ፣ ዓምድ በሚያስገቡበት ቀን ሁለቱንም ፋይሎች አብረው ይክፈቱ።